የጠፋችው ቡሎን፦ አንድ አሮጌ ላንድሮቨርና መቶ ዓመት የፈጀ የጥርስ ጭቅጭቅ

አጎቴ እኔ ከመወለዴ በፊት የተሠራች አሮጌ ላንድሮቨር አላቸው። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ደወሉልኝና «የፊት መስታወቱ ተሰነጠቀ» አሉኝ። ድንጋይ አልመታውም፣ ሰው አልነካውም፤ ዝም ብሎ ተሰነጠቀ። ሄጄ ሳየው ስንጥቁ የሚጀምረው ከግራው የታች ማዕዘን ነው። እዚያው ማዕዘን ሥር የመስታወቱን ፍሬም ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው ማጠፊያ አለ። ማጠፊያው አለ እንጂ ቡሎኑ የለም። በቡሎኑ ቦታ ሽቦ ታስሯል።

«ይሄ መቼ ነው የጠፋው?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ! ሽቦው እኮ ጥሩ አድርጎ ይዞት ነበር» አሉ አጎቴ።

የሰፈሩን መካኒክ ጠራነው። የቀዳዳውን ስፋት በዓይኑ ለካና ከሳጥኑ ውስጥ አንድ የስምንት ሚሊ ሜትር ቡሎን መዞ በጣቱ ማስገባት ጀመረ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር በደንብ ገባች። አራተኛው ላይ ከበዳት። አምስተኛው ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ ቀዳዳው ዝጎ ነው፤ በመፍቻ ትንሽ ኃይል ልስጣት?» አለ። አጎቴ እሺ ሊሉ ሲሉ «ቆይ!» አልኩኝ። ታሪክ ማንበብ አንዳንዴ ይጠቅማል።

ዝገት አልነበረም ችግሩ። ቡሎኗና ዳዶዋ የሚናገሩት ቋንቋ የተለያየ ነው። ለምን እንደተለያየ ለማስረዳት ወደ ጦርነት፣ ወደ ተቃጠለ ከተማና ወደ አንድ ቁጡ የእንግሊዝ መሐንዲስ ዘመን መመለስ ሊኖርብን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መስታወት ለምን ይታጠፋል?

መጀመሪያ ግን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር እናጥራ። የዛሬ መኪና የፊት መስታወት በማጣበቂያ ከመኪናው አካል ጋር የተለጠፈ ነው፤ ማጠፊያ የሚባል ነገር አያውቅም። የአጎቴ ላንድሮቨር መስታወት ግን ልክ እንደ ሳጥን ክዳን ወደፊት ተጣጥፎ ኮፋኖው ላይ ይተኛል። ምን ይረባል? ለገበሬም ለሹፌርም ብዙም አይረባም። የተወረሰ ባሕርይ ነው፤ ያወረሰውም ጂፕ ነው።

በ1940 ክረምት የአሜሪካ ጦር 135 ለሚሆኑ ፋብሪካዎች ጥያቄ ላከ፦ ቀላል፣ አራቱም እግሩ የሚጎትት፣ ትንሽ መኪና በአጭር ጊዜ ሠርታችሁ አምጡ። የጊዜ ገደቡ 49 ቀን ብቻ ስለነበር አብዛኞቹ መልስም አልሰጡ። ባንታም የሚባል ለመክሰር የተቃረበ ትንሽ ፋብሪካ ካርል ፕሮብስት የተባለውን መሐንዲስ ይዞ ተነሣና የመጀመሪያዋን ናሙና መስከረም 23 ቀን 1940 ሜሪላንድ ውስጥ ለሚገኘው የጦሩ መፈተኛ አስረከበ። ባንታም ግን በብዛት የማምረት አቅም አልነበረውም። ትልቁ ሥራ ለዊሊስና ለፎርድ ተሰጠ፤ ሁለቱ ጦርነቱ እስኪያልቅ ከ600 ሺህ በላይ ጂፖች ሠሩ።

ወታደር የሚታጠፍ መስታወት የሚፈልገው ለምን ይመስላችኋል? አንደኛ፣ መኪናዋ ዝቅ ስትል ከሩቅ አትታይም። ሁለተኛ፣ መስታወት ፀሐይን መልሶ ያንጸባርቃል፤ ያ ብልጭታ ለጠላት «እዚህ ነኝ» ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ከተቀመጡበት ወደፊት መተኮስ ይቻላል። ደግሞም መኪናዎቹ በሣጥን ታሽገው በመርከብ ስለሚጓዙ ዝቅ ያለ ነገር ቦታ ይቆጥባል። ስለዚህ ከኮፋኖው ላይ ሁለት የእንጨት ቁራጮች ተገጠሙ፤ ፍሬሙ ሲታጠፍ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚተኛው እነሱ ላይ ነው።

መስታወቱ ሲታጠፍ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ጠላት በመንገዱ አግድም ቀጭን ሽቦ ሲወጥር በጂፕ የሚሮጥ ወታደር አንገቱ ላይ ያርፋል። መፍትሔው ከፊት መከላከያው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው ብረት መበየድ ነበር። የጦርነት ፎቶ ስታዩ ከጂፑ አፍንጫ ላይ እንደ ምሰሶ የቆመው ነገር እሱ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዊሊስና ፎርድ የሠሩት አንድ ዓይነት መኪና ነው፤ የአንዱ ክፍል የሌላው ላይ እንዲገጥም ተብሎ የታዘዘ። ፎርድ ግን በገዛ ራሱ ክፍሎች ላይ፣ በየቡሎኑ ራስ ላይ ሳይቀር፣ «ኤፍ» የምትል ፊደል አተመ። ዛሬ አሮጌ ጂፕ የሚያድሱ ሰዎች የመስታወት ፍሬሙን ለማሠር ያቺን ፊደል የያዘች ቡሎን ፍለጋ ስንት ገበያ ያስሳሉ። መኪናው የሚሄደው ግን ፊደል የሌላትም ብትገባበት ነው፤ ጥርሷ እኩል ነዋ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሞሪስ ዊልክስ የተባለ የእንግሊዙ የሮቨር ፋብሪካ ዋና መሐንዲስ ዌልስ አጠገብ ባለችው በአንግልሲ ደሴት እርሻ ነበረው። እርሻው ላይ የሚሠራው ከጦሩ በተረፈ ጂፕ ነው። ጂፑ ሲያረጅ በምን እንደሚተካው ተጠየቀና ሌላ ጂፕ ከመግዛት በስተቀር ምርጫ እንደሌለው ታየው። መኪና ፋብሪካ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ያሳፍራል። ስለዚህ የመጀመሪያው የላንድሮቨር ናሙና በጂፕ ሻንሲ ላይ ተሠራ። ብረት በኮታ ስለነበር አካሉን ከአልሙኒየም አደረጉት። ሚያዝያ 30 ቀን 1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ሲቀርብም ታጣፊው መስታወት ከነማጠፊያው አብሮት ነበር። ሽቦ የሚወጥር ጠላት የለም፣ የሚተኩስ ወታደር የለም፤ ማጠፊያው ግን ቀረ።

ለኛ ለወራሾቹ ይህ ምን ማለት ነው? እንደ ዛሬው መኪና በዙሪያው ተለጥፎ ጭነቱን ለሁሉም ጎን የሚያካፍል መስታወት የለንም። ሙሉው ፍሬም የተያዘው በጥቂት ቦታ ነው፤ ከአንዱ ቦታ ቡሎን ስትጠፋ የሷ ድርሻ ለጎረቤቶቿ ይተላለፋል። በኮረኮንች መንገድ ላይ ፍሬሙ በየሰከንዱ ስንት ጊዜ ይጠማዘዛል፣ ብረት ይተጣጠፋል፣ መስታወት ግን አይተጣጠፍም። የአጎቴ መስታወት «ዝም ብሎ» የተሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ቡሎን ራሷን እንዴት ትፈታለች?

ቡሎን ስናጠብቅ የምናደርገው ነገር ለዓይን አይታይም፦ ቡሎኗን እንደ ላስቲክ በትንሹ እንለጥጣታለን። ተለጥጣ መመለስ ስትፈልግ ሁለቱን ብረቶች ትጨብጣለች፤ ጭብጡ ሰበቃ ይፈጥራል፣ ሰበቃው ደግሞ እንዳትዞር ያደርጋታል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር በ1969 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ቡሎንን በይበልጥ የሚፈታው ወደላይና ወደታች የሚስባት ኃይል ሳይሆን ወደ ጎን የሚያንሸራትታት ንዝረት ነው። የተያያዙት ብረቶች ወደ ጎን በትንሹ በተንሸራተቱ ቁጥር ሰበቃው ለቅጽበት ይጠፋል፣ ቡሎኗም በዚያች ቅጽበት ትንሽ ትዞራለች። ትንሽ በትንሽ... ሃያ ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ምን ያህል ቅጽበት እንደሚይዝ እናንተው አስቡት።

አሮጌ መኪና ላይ ደግሞ ከፍሬሙ ሥር ያለው የጎማ ማሸጊያ ይደርቅና ይሟሽሻል። ጎማው ሲቀንስ የቡሎኗ መለጠጥም አብሮ ይቀንሳል። ማንም ሳይነካት ላልታለች ማለት ነው። ከዚያ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠብ ትላለች።

ሁሉም በየቤቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ለምን አልገባችም?

ከ1800 በፊት ቡሎንና ዳዶ እንደ ባልና ሚስት ነበሩ፤ አንዷ ለአንዱ ብቻ የተሠራች። ባለሙያው ቡሎኗን ይሠራል፣ ለሷ የሚሆን ዳዶ ይሠራል፣ ማሽን ሲፈታ የትኛዋ የየትኛው እንደሆነች ምልክት ያደርጋል። ቢቀያየሩ አይገቡም። በ1800 አካባቢ ለንደን ውስጥ ሄንሪ ሞድስሌይ ጥርስን በትክክል የሚቆርጥ ቶርኖ ሠራና ቢያንስ በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ ጥርሶች እኩል መሆን ቻሉ። ጎረቤት ያለው ወርክሾፕ ግን የራሱን ጥርስ ይቆርጣል። ደንበኛ መልሶ ወደሱ እንዲመጣ የሚፈልግ ነጋዴ ይህንን እንደ ችግር አላየውም ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም፤ ዛሬም የስልክ ቻርጀር የሚሸጡልን ሰዎች ስንት ዓመት እንዲሁ አድርገውናል።

ከሞድስሌይ ዘንድ ከሠሩት ወጣቶች አንዱ ጆሴፍ ዊትዎርዝ ነበር። መለካት የሚወድ፣ መለካት እንደ በሽታ የያዘው ሰው ነው፤ በ1851ዱ የለንደን ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ የአንድ ኢንችን አንድ ሚሊዮንኛ እለካለሁ የሚል መሣሪያ አቅርቧል። ይህ ሰው ከብዙ የእንግሊዝ ወርክሾፖች ቡሎን ሰበሰበ። ከዚያ ያደረገው ነገር ቀላልነቱ ያስገርማል፦ አማካይ ወሰደ። ማንም ሙሉ በሙሉ ያልተሸነፈበት፣ ማንም ሙሉ በሙሉ ያልረታበት ቁጥር። በ1841 ለሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ይሁን፣ ጫፉና ሥሩ የተጠጋጋ ይሁን፣ ለእያንዳንዱ ውፍረት በአንድ ኢንች ውስጥ የሚኖሩት ጥርሶች ቁጥር ይወሰን አለ። የባቡር ድርጅቶች ወደዱት፤ በሃያ ዓመት ውስጥ እንግሊዝ አገር የዊትዎርዝ አገር ሆነች።

አሜሪካኖቹ ግን በ55 ዲግሪ አልተደሰቱም። በ1864 ዊልያም ሴለርስ የተባለ የፊላደልፊያ መሣሪያ ሠሪ በፍራንክሊን ኢንስቲትዩት ቆሞ ተቃውሞውን አሰማ። 55 ዲግሪን በትክክል መለካት ይከብዳል፤ የተጠጋጋ ጫፍ መቁረጥም ጎበዝ ባለሙያና ብዙ መቁረጫ ይጠይቃል። 60 ዲግሪ ግን? የእኩል ጎን ሦስት ማዕዘን ነው፤ ማንም ተማሪ በኮምፓስ ይሠራዋል። ጫፉንም ጠፍጣፋ አደረገው። ዊትዎርዝ ለጎበዝ ባለሙያ አሰበ፣ ሴለርስ ለተራ ሠራተኛና ለብዙ ምርት አሰበ። እኔ በግሌ ከሴለርስ ጋር ነኝ። በ1868 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሱን ተቀበለ፣ ባቡሮቹ ተከተሉ፤ ዓለምም ለሁለት ተከፈለ። አውሮፓ ደግሞ በሜትር ስለሚቆጥር ለሦስት ነው መባል ያለበት።

«እና ምን ይጠበስ?» የሚል ካለ የባልቲሞርን ነገር ልንገረው። የካቲት 7 ቀን 1904 እሑድ ጠዋት በአሜሪካዋ ባልቲሞር መሐል ከተማ እሳት ተነሣ። ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያና ከኒውዮርክ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማሽኖቻቸውን በባቡር ጭነው ደረሱ። ውኃ አለ፣ ሰው አለ፣ ቱቦ አለ። ቱቦው ግን ከባልቲሞር የውኃ መክፈቻ ጋር አልገጠመም! የብዙዎቹ ከተማ መጋጠሚያ ጥርስ ሌላ ነበር። ከሩቅ የመጣው እርዳታ አብዛኛው ቆሞ አየ። እሳቱ ከአንድ ቀን በላይ ነድዶ ከ1500 በላይ ሕንፃዎች አወደመ። በኋላ የእሳት ቱቦ መጋጠሚያ አንድ ዓይነት እንዲሆን አገር አቀፍ ደረጃ ወጣ፤ ሁሉም ከተማ ግን ቶሎ አልተቀበለውም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የእንግሊዝና የአሜሪካ ጭቅጭቅ ወደ ጦር ሜዳ ወጣ። በሰሜን አፍሪካ በረሃ የእንግሊዝ መካኒክ የአሜሪካ ታንክና የአሜሪካ ጂፕ ይጠግናል፤ በሳጥኑ ያለው ግን የዊትዎርዝ ቡሎን ነው። ሁለት ዓይነት መፍቻ፣ ሁለት ዓይነት መለዋወጫ መያዝ ግድ ሆነ። አሜሪካኖቹም በተራቸው ተቸገሩ። የዲትሮይቱ ፓካርድ ፋብሪካ መርሊን የተባለውን የሮልስ ሮይስ የአውሮፕላን ሞተር እንዲሠራ ሲታዘዝ ክፍሎቹ እንግሊዝ ከተሠራው ሞተር ጋር መለዋወጥ ስለነበረባቸው የእንግሊዝን ጥርስ ሳይለውጥ መቁረጥ ነበረበት። አሜሪካ ውስጥ ግን ለዚያ የሚሆን መቁረጫ የሚሸጥ የለም፤ መቁረጫዎቹን ራሱ ሠራ፤ ከዚያ ከ55 ሺህ በላይ ሞተር አወጣ።

ድካሙ ካለቀ በኋላ ኅዳር 18 ቀን 1948 የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የካናዳ ተወካዮች ዋሽንግተን ላይ ተቀምጠው «የተዋሐደ ጥርስ» የሚባለውን ፈረሙ። ማዕዘኑ የሴለርስ 60 ዲግሪ ሆነ፤ ሥሩ መጠጋጋቱ ደግሞ ከዊትዎርዝ ተወሰደ። ከዊትዎርዝ ጽሑፍ እስከዚህ ፊርማ 107 ዓመት። ከአንድ ዓመት በፊት ሥራ የጀመረው ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም ቁጥር አንድ ብሎ የሰየመው የቴክኒክ ኮሚቴ የቡሎን ጥርስን የሚመለከተው ነው። ከሁሉ በፊት ቡሎን!

አሁን ቀኖቹን አስተያዩልኝ። ላንድሮቨር ለሕዝብ የቀረበው ሚያዝያ 1948፣ ስምምነቱ የተፈረመው ኅዳር 1948። ሰባት ወር ያህል ቀድማ ተወለደች። ፋብሪካው መሣሪያውን ሁሉ በእንግሊዝ ጥርስ አደራጅቷል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ላንድሮቨሮች በእንግሊዝ ጥርስ ተሠሩ፤ ወደ አዲሱ የተሻገሩት ቀስ በቀስ፣ በብዙ ዓመት ውስጥ፣ ክፍል በክፍል ነው። በመሐል ያሉት መኪኖች ላይ ሁለቱም ጥርስ በአንድ አካል ላይ ይገኛል። የአጎቴ መኪና ከነዚህ ከመሐሎቹ ናት።

ወደ አጎቴ ግቢ

ጠፍታ ያልተገኘችውን ቡሎን እንዴት ትለካላችሁ? እህቷን በመለካት። የቀኙ ማጠፊያ ቡሎን በቦታዋ አለች። መካኒኩ የ13 መፍቻ ሞከረ፣ አልገባም። የ14ቱን ሞከረ፣ ተንሸራተተ። ይህ ራሱ ምስክር ነው። የዚህች ቡሎን ራስ ስፋት 0.525 ኢንች ነው፤ ወደ 13.3 ሚሊ ሜትር። የድሮ የእንግሊዝ መፍቻ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ የቡሎኗን ወገብ ውፍረት እንጂ የራሷን ስፋት አይነግራችሁም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። በመጨረሻ በሚስተካከል መፍቻ ቀስ አድርጎ ፈታት።

አጸዳናት። በካሊፐር ስንለካ ውፍረቷ 8 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ቀራት። ነጭ ወረቀት ላይ አጋድመን በጣት ጫን ስንላት ጥርሶቿ መስመር በመስመር ታተሙ። በግማሽ ኢንች ውስጥ 11 መስመር፤ ስለዚህ በአንድ ኢንች 22። አበቃ፤ ታወቀች። አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች የእንግሊዝ ደቃቅ ጥርስ ናት። ተመሳሳይ ውፍረት ያላት የተዋሐደው ደቃቅ ጥርስ ብትሆን ኖሮ 24፣ የዊትዎርዝ ሰፊ ጥርስ ብትሆን 18 እናገኝ ነበር።

የመካኒኩ ቡሎን ለምን ሦስት ዙር ገብታ እንደቆመች አሁን በሒሳብ ይታያል። አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች 7.94 ሚሊ ሜትር ነው። ከ8 ሚሊ ሜትር ያለው ልዩነት 0.06፤ ወደ አንድ ጸጉር ውፍረት ገደማ። ስለዚህ ለጣት አንድ ትመስላለች፣ ትጀምራለች። ነገር ግን የኛ ዳዶ ጥርሶች በ1.15 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፣ የሷ በ1.25። በእያንዳንዱ ዙር ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ትሳሳታለች። መጀመሪያ ያለው ክፍተት ይሸከማታል፤ አምስተኛው ላይ ስሕተቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ደረሰ፣ የጥርስ ግማሽ ማለት ነው። በመፍቻ ኃይል ብንሰጣት ኖሮ ትገባ ነበር፣ የዳዶውን ጥርስ ልጣ። ዳዶው ደግሞ ከብረቱ ጀርባ የተበየደ ነው። ነጻ ዳዶ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ፤ ቡሎንና ዳዶ አዲስ ገዝቶ መገላገል ነው።

ቡሎኗን ይዘን ቶርኖ ቤት ሄድን። እዚህ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ኮፋኖ፣ ቶርኖ ስንል ሁሉም ጣልያንኛ ነው። የእንግሊዝ መኪና፣ ከአሜሪካ ጂፕ የተወረሰ ማጠፊያ፣ በጣልያን ቃል ይጠገናል።

የቶርኖ ባለሙያው በሚሊ ሜትር የሚቆጥር ማሽን ነው ያለው። 22 ጥርስ በኢንች እንዴት ሊቆርጥ ነው? መልሱ በአንድ ቁጥር ላይ ነው፦ 127። ኢንች በ1959 ስምምነት በትክክል 25.4 ሚሊ ሜትር ተብሎ ተወስኗል፤ 25.4 ማለት 127 ሲካፈል ለ5 ነው። ስለዚህ ቶርኖው ውስጥ 127 ጥርስ ያለው ማርሽ ከገባ ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው ያለ ምንም ስሕተት መሻገር ይቻላል። 127 ደግሞ ከራሱና ከአንድ በቀር በምንም አይካፈልም፤ ስለዚህ በትንሽ ማርሽ መተካት አይቻልም። ባለሙያው ማርሹን ከመደርደሪያ አውርዶ ሲገጥም እኔ ብቻዬን ተደሰትኩ። አጎቴ ሻይ ሊሉ ወጥተው ነበር።

ከአሥር ሚሊ ሜትር ጠንካራ ቡሎን ላይ ወገቧን ቀንሶ፣ መቁረጫውን ለ55 ዲግሪ ስሎ አዲስ ጥርስ አወጣላት። ሁለት አሠራነው። በአንዷ ወገብ ላይ በሞረድ ቁመቷን ሙሉ ቦይ አወጣን፤ በዘይት ነክረን ወደ ዳዶው ወደፊትና ወደኋላ ስናዞራት ቦዩ ዝገቱንና የተጫረውን ብረት እየሰበሰበ ወጣ። ጥርሱ ጨርሶ ተልጦ ቢሆን ኖሮ ቀዳዳውን በትራፓኖ አስፍቶ፣ አዲስ ጥርስ አውጥቶ እንደ ጥቅል ስፕሪንግ የሆነ የሽቦ ጥርስ መክተት ነበር የሚቀረው። ደግነቱ አልደረስንም።

የተሰነጠቀው መስታወት ያስፈራኝ ነበር፤ እሱ ግን ከሁሉ ቀለለ። የነዚህ መኪኖች የፊት መስታወት ሁለት ቁራጭ ነው፣ ሁለቱም ጠፍጣፋ። ጎባጣ ቢሆን ፋብሪካ መፈለግ ነበረብን፤ ጠፍጣፋ ስለሆነ መስታወት ቆራጩ ከተደራረበ የመኪና መስታወት በልኩ ቆረጠልን። በመሐሉ የፕላስቲክ ሽፋን የሌለውን የቤት መስታወት ግን እንዳታስገቡ፤ ሲሰበር ፊት ላይ ነው የሚረጨው።

አዲስ የጎማ ማሸጊያ ከፍሬሙ ሥር አነጠፍን። ግራና ቀኙን እያፈራረቅን፣ በየተራ ግማሽ ግማሽ ዙር አጠበቅን፤ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ፍሬሙን ያጣምመዋል፣ የተጣመመ ፍሬም ደግሞ አዲሱንም መስታወት ይሰነጥቃል። ከላይ ጣራው ከፍሬሙ ጋር የሚገናኝባቸውን ቡሎኖችም አየናቸው። ጣራው አልሙኒየም፣ ፍሬሙ ብረት ነው፤ ሁለቱ ሲነካኩና ውኃ ሲያገኙ እንደ ባትሪ ይሆኑና አልሙኒየሙ ይበላል። በየቡሎኑ ዙሪያ እንደ ነጭ ዱቄት የተከመረው እሱ ነው። ጠርገን የፕላስቲክ ሮንዴላ አስገባንና ግራሶ ቀባን።

መካኒኩ ሲጨርስ አጎቴ ግራና ቀኙን አስተያዩ። የቀኟ ቡሎን የድሮዋ ናት፣ ራሷ ትንሽ። የግራዋ ከአሥር ሚሊ ሜትር ቡሎን ስለተቀረጸች ራሷ ትልቅ ነው፣ በ17 መፍቻ ነው የምትፈታው። «አሁን ለአንድ መስታወት ሁለት መፍቻ ልይዝ ነው?» አሉ። የበረሃው እንግሊዛዊ መካኒክ ትዝ አለኝ። ሁለቱን መፍቻ በጨርቅ ጠቅልለው ከወንበሩ ሥር አስቀመጡ። ሽቦውንም አልጣሉትም፤ አብሮ ተጠቀለለ።